ቅምሻ አይቆጠርም

ሰኞ፣ 70 ቀን ይቀራል

የፋብሪካው ሐኪም ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገና አንዱን ቁጥር በቀይ እስክሪብቶ ከበበው። «ስኳርዎ ከፍ ብሏል» አለኝ። «በሽታ ነው ለማለት አልደረሰም፤ ግን ደጃፍ ላይ ነው።» ከሰባ ቀን በኋላ ደሜን እንደገና ያያል። ካልወረደ ከቅምሻ ጠረጴዛ ተነስቼ ማሸጊያ ክፍል እንድገባ ይጽፋል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚህ ፋብሪካ የወጣ ብስኩት ሁሉ መጀመሪያ በእኔ ምላስ ነው ያለፈው። ምድጃው ከልክ በላይ ሲግል ከመለኪያው ቀድሜ የምናገር እኔ ነኝ። ጨው የረሳ አቡኪ የእግሬን ኮቴ ሲሰማ ይደነግጣል። እኔን ነው እንግዲህ ካርቶን እጠፊ የሚሉት።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ በሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ማን እንደጠራው እንጃ። «ወይ ደግሞ ጠረጴዛውን ለሦስት ሰው እናካፍለው፤ ለእርስዎም ይቀልልዎታል» አለ። አንዷ ማሸጊያ ክፍል የምትሠራው ሚዛን እንድትሆን አስቦ ኖሯል። ሚዛን ያልናት ፓኬቱን በእጇ አንስታ ስንት ግራም እንደጎደለው ስለምትናገር ነው። እጅ ሌላ፣ ምላስ ሌላ። «ምላስ ወንበር አይደለም፣ ተራ በተራ አይቀመጡበትም» ብዬው ወጣሁ።

ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ «ትንሽ ትንሽ ሩጫ ይጀምሩ» አለኝ። በአርባ ሰባት ዓመቴ። አነጋገሩ ዳቦ ገዝተው ይምጡ እንደማለት ነበር።

ማክሰኞ፣ 69 ቀን

ልጄ ለካ ይህን ቀን ስትጠብቅ ኖራለች። ነገሩን ተናግሬ ሳልጨርስ አስመዘገበችኝ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ማክሰኞና ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ቅዳሜ ደግሞ ጠዋት ጀማሪዎች ይሮጣሉ። አሰልጣኙ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። ፊሽካው ከአፋቸው ስለማይወጣ ጋሽ ፊሽካ ይባላሉ፤ ፊት ለፊት ግን ማንም አይላቸውም።

ለእያንዳንዳችን አንድ ወረቀት አደሉን። ከባድ ምግብ ከሩጫው ሦስት ሰዓት በፊት። ቀለል ያለ ነገር፣ ሙዝ ወይም አንድ ቁራጭ ዳቦ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት። ከዚያ ወዲህ አፍ ይዘጋ። ውኃ ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ እንጂ በመጨረሻ ሰዓት በጆግ አይደለም። ከሩጫ በኋላ ሳይቆይ እንቁላል ወይም ባቄላ ወይም ወተት፣ ከዳቦ ወይም ከሩዝ ጋር። «ሆድ ሥራ ላይ እያለ እግርን ሥራ አትዘዙት» አሉ። አርባ ሰባት ዓመት በልቼ የኖርኩ ሴት መብላት ልማር።

የምንበላውንም ከነሰዓቱ በደብተር እንድንጽፍ አዘዙ። ይኸው ደብተር ገዛሁ። ከፊት በኩል የምበላውን እጽፋለሁ፣ ከኋላ በኩል የሚበላኝን።

አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ ነው ያዘዙን። በአራተኛው ዙር ጎኔን ወጋኝ። በስድስተኛው ዛፍ ተደግፌ አስመለስኩ። ከእኔ በኋላ የመጣች ፀጉር ሠሪ ውኃ አቀበለችኝ፤ ውኃውን ተቀበልኩ፣ ማዘኗን ግን አልወደድኩትም። ምሳዬ ፓስታ ነበር። ፓስታው ነው።

ሐሙስ፣ 67 ቀን

ምሳ ግማሽ ሰሃን ሩዝ፣ ስድስት ሰዓት ላይ። አሥር ሰዓት ከሥራ ስወጣ አንድ ሙዝ። ከዚህ በላይ ምን ይሁን? አሁንም ጎኔን ወጋኝ፣ ሆዴ ተነፋ፣ ቃር ጉሮሮዬ ድረስ መጣ።

ጋሽ ፊሽካ ደብተሬን አዩት፣ ደግመው አዩት። «ይኸው ብቻ ነው?» «ይኸው ብቻ ነው።» «ሌላ አፍሽ የገባ የለም?» «የለም አልኩ እኮ።» ፊሽካቸውን ነክሰው ሄዱ።

ልጅ አሳድጌ፣ ቤት አቅንቼ፣ ዛሬ በሙዝ ጉዳይ ውሸታም ልባል።

ቅዳሜ፣ 65 ቀን

ጠዋት ግማሽ ሙዝና ውኃ። ስምንት ጊዜ ሮጥኩ፣ ምንም አልሆንኩም። ሥራ የለም፣ አየሩ ንጹሕ ነው። የጠዋት አየር ለእኔ ተስማሚ ነው ማለት ነው። ጥፋቱ ሠራተኛን ቀኑን ሙሉ ደክሞ ከዋለ በኋላ የሚያስሮጡት ሰዎች ነው።

ቤት ገብቼ ሁለት እንቁላል በዳቦ በላሁ። ባለቤቴ መቀሱን አስቀምጦ አየኝ። ልብስ ሰፊ ነው፣ የሰው ለውጥ በዓይኑ ይለካል። «እንደዚህ ስትበዪ ካየሁ ቆየሁ። ማታ ማታ ሰሃኑን ነው የምትገፊው።» ድካም ነው አልኩት።

ማክሰኞ፣ 62 ቀን

ቸኩያለሁ። ምሳ ዘለልኩ። ሙዙንም ተውኩት። ይኸው ባዶ ሆዴን ሮጬ ላሳያቸው ብዬ።

በሦስተኛው ዙር ዓይኔ ጨለመ፣ ተቀመጥኩ። ማቅለሽለሹም አልቀረልኝም። ልጄ መጥታ ትከሻዬን ያዘች። «እማዬ፣ ዛሬ ምን በላሽ?» «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።» ደረቴን ታያለች። ጋውኔን ከሹራቡ በላይ እንደለበስኩ መጥቼ ኖሯል፤ ፍርፋሪ አለበት። የሥራ ነው ብዬ አራገፍኩት።

ወረቀቱ አይሠራም። ሰውዬው የሚያውቁት ልጆች ማስሮጥ ነው።

ሐሙስ፣ 60 ቀን

ቧንቧው ጋ ሆኜ ሰማሁ። ፀጉር ሠሪዋ ናት። «ያቺ ሴትዮ ተደብቃ ትበላለች መሰለኝ» አለቻት ለጓደኛዋ። ጓደኛዋ ደግሞ «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ብላ ሳቀች።

ዞሬ ልናገር ነበር፣ ግን አፌ በውኃ ተሞልቶ ነበር። ምንድን ነው የምደብቀው? ማን ነው እንደ እኔ ሆዱን የገዛ? ከሦስት ምድጃ ፊት ለፊት ስምንት ሰዓት ቆሜ ውዬ አንድ ብስኩት አንስቼ የማልበላ ሴት ነኝ። ሌሎቹ ኪሳቸው ሞልተው ነው የሚወጡት፤ እኔ ለልጄ እንኳን ወስጄ አላውቅም።

ሥራዬን እኮ አያውቁትም። በየግማሽ ሰዓቱ ከሦስቱም ምድጃ ሁለት ሁለት ብስኩት ይመጣልኛል፤ አንዱ ከዳር፣ አንዱ ከመሃል። ለሁለት እሰብረዋለሁ፣ ሲሰበር ድምፁን እሰማለሁ። ግማሹን እቀምሳለሁ፣ ግማሹን ቆርቆሮው ውስጥ እጥላለሁ። አልፏል ወይም አላለፈም ብዬ እፈርማለሁ። ይህ ሥራ ነው። ቅምሻ መብላት ቢሆን ኖሮ ማንም ይቀጠርበት ነበር።

ማክሰኞ፣ 55 ቀን

ጎኔ። አሁንም።

እሑድ፣ 50 ቀን

አስተማሪዬን ልጠይቅ ሄድኩ። ከእኔ በፊት ጠረጴዛው የእሳቸው ነበር፣ ሃያ ስድስት ዓመት። ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በሩ ሥር ጫማቸውን አየሁ፤ የቀኝ እግር ብቻ ነው።

ጋቢያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ እንጂ ወደ እኔ አላዞሩም። ዓይናቸውም ደክሟል፤ ዕድሜ ነው። ስለ ፋብሪካው እያንዳንዱን ነገር ጠየቁኝ። ሁለተኛው ምድጃ አሁንም በስተግራ ያሳርራል ወይ አሉኝ። አዎ ስላቸው ደስ አላቸው።

«ተፍተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ ድንገት።

«በጭራሽ፣ እማማ።»

«አትትፊ። ዱቄቱን ምላስ ያውቀዋል። ስኳሩንም ምላስ ያውቀዋል። ዘይቱን ግን ጉሮሮ ነው የሚያውቀው፣ ሲወርድ ነው የሚናገረው። የሚተፋ ቀማሽ የሰማውን ግማሽ ብቻ የሚያወራ ምስክር ነው።»

እጃቸውን ሳምኩ። ኩራት ተሰማኝ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ልጃቸው እስከ በሩ ሸኘችኝ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሐኪሞቹ ከሥራው ነው ይላሉ» አለችኝ። እኔም «ስንቱ አንድ ብስኩት ያልቀመሰ በስኳር ይታመማል» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ክፉ አልተናገረችም፣ እሺ ብቻ አለች። ለምን እንደዚያ እንዳልኳት እንጃ፤ የታመሙት እናቷ ናቸው።

ወደ ቤት ስመለስ ታክሲውን ተውኩት። በእግሬ፣ በጣም ፈጥኜ ሄድኩ። ፊሽካ የሚነፋ ሳይኖር መንገዱን ግማሽ ያህል ሮጥኩት ማለት እችላለሁ።

ሐሙስ፣ 46 ቀን

ሚዛን ዛሬ በሰው ፊት አዋረደችኝ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ነን፣ ስድስት ሰባት ሴት እንሆናለን። ስለ ጋሽ ፊሽካ እያማረርኩ ነበር። ሩዝ በላሁ፣ ሙዝ በላሁ፣ ምሳም ዘለልኩ፣ ሁሉንም ሞከርኩ፤ ሰውዬው የሰጡን ወረቀት ለምንም አይረባም እያልኩ። ሚዛን ጫማዋን እያሰረች ቀና አለች።

«እትዬ፣ አይቆጡኝና አንድ ነገር ልበል?»

«በይ።»

«ውዳቂውን መዝኜ ለዶሮ መኖ የማስረክበው እኔ ነኝ። የእርስዎ ቆርቆሮ በየቀኑ ሦስት መቶ ስልሳ ግራም ነው። አይወጣም አይወርድም።»

«እና?»

«ቆርቆሮው ውስጥ የሚጥሉት ግማሹን ነው።»

ተንኮል የላትም፣ የሚያናድደው እሱ ነው። ፓኬት ጎደለ እንደምትለው ነው ያለችው፣ በዚያው ድምፅ። የጎደለውን የት አደረሱት ብላ እንኳን አልጠየቀችኝም።

«አንቺ ካርቶንሽን እጠፊ» አልኳት። ፊቷ ቀላ። አንዷም አልሳቀችም።

ሩጫ አልሄድኩም። ልጄ ስትደውል እግሬን አመመኝ አልኩ።

ዓርብ፣ 45 ቀን

ሁሉም እስኪወጣ ቆየሁ። ቆርቆሮውን ራሴ ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት፤ የባዶውን ቀነስኩ። ሦስት መቶ ስልሳ ሁለት።

የታሸገ ፓኬት አንስቼ ጀርባውን አነበብኩ። መቶ ሃያ ግራም ይላል። እንግዲህ የምውጠው በቀን ሦስት ፓኬት ነው። አንድ ሰው ገበያ ሄዶ ሦስት ፓኬት ብስኩት ገዝቶ፣ መንገድ ዳር ተቀምጦ ብቻውን ሲጨርስ ባየው ምን እል እንደነበር አውቃለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጣፋጭ አልወድም እያልኩ ነው የኖርኩት። ሰው ቤት ኬክ ሲቀርብልኝ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ይቅርብኝ እላለሁ።

ማን ላይ እንደምናደድ አጣሁ። ሐኪሙ ላይ ተናደድኩ፤ ምን ይበላሉ ብሎ ጠየቀኝ እንጂ በቀን ስንት ይቀምሳሉ አላለኝም። እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጦ። እማማ ላይ ልናደድ ፈለግሁ፤ ጫማቸው ትዝ አለኝና ተውኩት። ደብተሩን በፊት በኩል ገለጥኩት። ሩዝ፣ ሙዝ፣ ሩዝ፣ ሙዝ። የአምስት ዓመት ልጅ እንኳን የሚያየውን ነገር አላየሁም። ጋሽ ፊሽካ ሌላ አፍሽ የገባ የለም ወይ ሲሉኝ ዓይናቸውን እያየሁ የለም አልኩ፣ እና አልዋሸሁም። ብዋሽ ይሻል ነበር። ውሸታም ቢያንስ የሚደብቀውን ያውቃል።

ሰኞ፣ 42 ቀን

የወረቀት ኩባያ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጥኩ። አኘክሁ፣ ጀርባዬን ለማምረቻ መስመሩ ሰጥቼ ተፋሁ። አፌን በውኃ ተጉመጠመጥኩ።

ማንም አላየኝም።

ሐሙስ፣ 39 ቀን

ምሳ ስድስት ሰዓት፤ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ጎመን። ሙሉ ሰሃን፣ ርቦኝ ስለነበር። አሥር ሰዓት አንድ ሙዝ። አሥራ ሁለት ዙር። ጎኔ ዝም። ሆዴ ዝም።

ጋሽ ፊሽካ ፊሽካውን ከአፋቸው አወጡ። «ምን ለወጥሽ?»

«ሙዙን» አልኩ። ይህኛው ውሸት ነው።

ማክሰኞ፣ 27 ቀን

ሃያ ደቂቃ ሳልቆም ሮጥኩ። ሃያ። ደስ ብሎኛል፣ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ሌላ የምለው የለኝም። ፀጉር ሠሪዋን ሁለት ጊዜ አለፍኳት። በሁለተኛው ጊዜ ሰላም አልኳት፣ ያውም እየሮጥኩ።

ማታ እንቁላልና ሩዝ በላሁ፣ ጨመርኩም። ባለቤቴ ቀሚሴን በሁለት ጣት አጠበበው። «ደንበኛ እንዲህ ካነሰብኝ ጨርቅ ይተርፈኛል» ይለኛል። ሥራ ላይ የማደርገውን ለእሱም አልነገርኩትም። ምን ብዬ? እተፋለሁ ብዬ?

ረቡዕ፣ 19 ቀን

ቁልፍ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። የመጋዘኑ ኃላፊ ነው፤ ቁልፎቹን ወገቡ ላይ አስሮ ስለሚዞር ነው እንደዚያ የምንለው። ከእኔ እኩል የተቀጠረ ነው፣ ያለ ጉዳይ አይመጣም።

«ትናንት የገባው ዘይት ሽታው አላማረኝም። ዛሬ በእሱ ነው የተቦካው። በደንብ ቅመሽልኝ።»

ሰበርኩ፣ አኘክሁ። ጨው ልክ ነው፣ ስኳር ልክ ነው፣ ጥብሱ ልክ ነው። ዞር ብዬ ተፋሁ። «ምንም የለውም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አፍንጫህን ለመጋዘንህ አድርገው፣ ምላሱን ለእኔ ተውልኝ።»

ከዚያ እሺ ብሎ ሄደ፣ ቁልፎቹ እየተንሿሹ። አልፏል ብዬ ፈረምኩ።

ማክሰኞ፣ 13 ቀን

ብስኩቱ ተመለሰ። ከአራት ሱቅ፣ ሙሉ ካርቶን እንደሆነ። ሲበሉት ደህና ነው፣ ከዋጡት በኋላ ጉሮሮ ላይ ይመራል ብለው ጽፈዋል። አንዷ እናት ልጄ እያለቀሰ ምላሱን በእጁ ጠረገ ብላለች።

ሥራ አስኪያጁ ሁላችንንም ሰብስቦ የቅምሻውን ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳየ። ፊርማዬ። «ከእኛ ሲወጣ ደህና ነበር፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ምላስ አልፏል ብሎታል። እንግዲህ የተበላሸው መጋዘን ውስጥ ነው» አለ። ካርቶኖቹ ከምድጃው ግድግዳ ጋር ተጠግተው ነበር አሉ። ቁልፍ እስኪጣራ ድረስ ከሥራ ታገደ።

ቁልፍ ስለ ዘይቱ አስጠንቅቄ ነበር አላለም። ቁልፎቹን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ አንዴ አየኝ፣ ወጣ።

ሁሉም ሲበተን ከተመለሱት አንዱን አንስቼ ዋጥኩት። ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ አወቅሁት። የከረመ ዘይት ነው። መጋዘኑ ምንም አላደረገውም።

ረቡዕ፣ 12 ቀን

ዝም አልኩ።

ሐሙስ፣ 11 ቀን

ዛሬም። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ቁልፍን አያውቀውም።

ብናገር መትፋቴን መናገሬ ነው። መትፋቴን ከተናገርኩ ደግሞ ሳልውጥ መቅመስ አልችልም ማለቴ ነው። ብውጥ ሐኪሙ ያነሳኛል፤ ብተፋ ራሴ መነሳት አለብኝ። ምናለ አንድ ሰው ቀድሞ ቢጠይቀኝ። ሥራ አስኪያጁ እንኳን እንዴት አለፈዎት ብሎ አይጠይቅም፣ እንደዚያ ያምነኛል። እያመነኝ ሰው ያባርራል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው እንዴት አንድ ጥያቄ አይጠይቅም።

እሱን መውቀሴን አቁሜ ብተኛ ይሻላል።

ቅዳሜ፣ 9 ቀን

ጠዋት ግማሽ ሙዝ፣ ውኃ፣ አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። ሁሉንም እንደ ወረቀቱ አደረግሁ። በሁለተኛው ዙር ጎኔን ወጋኝ።

«ምን በላሽ?» አለችኝ ልጄ።

«እንደ ወረቀቱ ነው የበላሁት።»

«እሱን አምኛለሁ። ምን ሆነሽ ነው የምልሽ።»

ፀሐዩ ነው አልኳት። ደመና ነበር።

እሑድ፣ 1 ቀን

ነገ ደም የሚሰጠው በባዶ ሆድ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ አትብላ ያሉት ሰው ብዙ ጊዜ ይርበዋል። እኔን ራትም አላሰኘኝም። የቁልፍን ሚስት ዛሬ ገበያ አየኋት፤ ሰላም አለችኝ፣ ባሌ ደህና ነው አለችኝ። ምንም አልነገራትም።

ሰኞ፣ ቀኑ

ወርዷል። ሐኪሙ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበልኝ፣ በዚህ ጊዜ አልከበበውም። «እንዴት አደረጉት?» አለኝ። ሩጫ፣ ምሳ በሰዓቱ፣ ሙዝ አልኩት። «እና ያልዋጥኩት ሦስት ፓኬት በየቀኑ» አልኩት። አልገባውም። በቅምሻ ጠረጴዛ ላይ መቀጠል ትችላለች ብሎ ፈረመልኝ። ሰባ ቀን የሮጥኩለት ወረቀት እጄ ላይ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሕይወቴ እንደዚህ የፈለግሁት ወረቀት የለም።

ይዤው ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባሁ።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለ።

«ዘይቱ ከመጀመሪያውም የከረመ ነበር» አልኩት። «የመጋዘኑ ሰው መጥቶ ነግሮኛል። እኔ ነኝ ያሳለፍኩት። እተፋ ነበር። ደሜ እንዲወርድ ብዬ ከአርባ ቀን በላይ እየተፋሁ ነው የፈረምኩት፤ ሳልውጥ ደግሞ ዘይት አላውቅም።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔም ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ያኔ ተናደድኩ፣ እንዲያው ሁሉንም ነው ያልኩት። «አንድ ሰው በቀን ሦስት ፓኬት ብስኩት ውጦ ጤነኛ እንዲሆን የሚጠብቅ ምን ዓይነት ፋብሪካ ነው? ከእኔ በፊት የነበሩት ሴትዮ እግራቸው ተቆርጧል። ማን ሄዶ ጠየቃቸው? እኔም ብሆን አይቼ እንዳላየሁ ሆኛለሁ። ለሦስት ክፈሉት። የጠዋቱን እኔ ልዋጥ፣ ከሰዓቱን ሚዛን ትዋጥ፣ ሦስተኛውን አሽትቶ የሚለየው ሰው ይዋጥ፤ እሱን ደግሞ ያለ ጥፋቱ ቤቱ አስቀምጠኸዋል።»

አንተ እንዳልኩት የገባኝ ከወጣሁ በኋላ ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ፤ ተገቢ ነው፣ ፈረምኩ። ቁልፍ ረቡዕ እንዲመለስ ተጠራ።

ማክሰኞ

ጠዋት ዋጥኩ፣ እስከ አምስት ሰዓት ብቻ። ደብተሩ ላይ በፊት በኩል ጻፍኩት፤ መቶ ሃያ ግራም፣ ከነሰዓቱ። ጋሽ ፊሽካ አንብበው ፊሽካውን ከአፋቸው አወጡ። «ይህ ነገር ቀድሞም ነበር?» አሉኝ። «ነበር። ከዚህም ሦስት እጥፍ» አልኳቸው። ፊሽካውን አፋቸው ውስጥ መልሰው «በይ ሩጪ» አሉኝ።

ሚዛንን ይቅርታ ጠየቅኋት። እሺ አለች፣ ግን ፊቷን አላዞረችልኝም። ትክክል ናት። ብስኩት ስትሰብር ጆሮዋን ማቅረብ እንዳለባት አሳየኋት፤ በሁለተኛው ቀረበች።

ሐሙስ

ዛሬ መጋዘኑ ሄድኩ። ቁልፍ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የበርሜል ክዳን እየጠረገ ነበር። ሰላም አልኩት፣ ራሱን ብቻ ነቀነቀልኝ።

«ሽታው አላማረኝም ብዬሽ ነበር» አለ፣ እጁን ሳያቆም።

«ብለኸኝ ነበር።»

«ታዲያ?»

«አልሰማሁህም። ንቄህ ነው።»

መጥረጉን ቀጠለ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፣ እኔም በል አላልኩትም። ቆሜ ጠበቅሁ። በመጨረሻ አዲስ የገባ በርሜል ከፈተና በረጅሙ ማንኪያ ትንሽ ቀዳ። ማንኪያውን ወደ እኔ ዘረጋ፣ እንደ ድሮው። እጄ ከልማዱ ተነሳ፤ መልሼ አወረድኩት።

«አንተ ንገረኝ» አልኩት።